ሞተር እንዴት ይተነፍሳል? የአየር ቧንቧ ርዝመትና የሚዛን ዳገት

በቡና ወቅት ከሚዛን ተፈሪ ተነሥቶ ወደ ጅማ የሚያመራ መንገደኛ መንገዱን ጀንፈል ከጫኑ አይሱዙዎች ጋር ይጋራል። ሺሺንዳንና የዉሽዉሽን የሻይ ልማት አልፎ፣ ቦንጋንም ወደ ኋላ ትቶ ወደ ጎጀብ ሸለቆ ሲወርድ ከፊቱ ያለው የጭነት መኪና ፍሬን እየያዘ ያዘግማል። ወንዙን ተሻግሮ ዳገቱን ሲጀምር ግን ሌላ ድምፅ ይሰማል። ሞተሩ በመጀመሪያ ያጉረመርማል፤ ድምፁ እየወፈረና እየዘገየ ይሄዳል፤ ሾፌሩ ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሽ ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ድምፁ በአንድ ጊዜ ይቀጥንና መኪናው እንደገና ነፍስ ይዘራል። ሾፌሩ በዚያች ቅጽበት ያደረገው ነገር በፊዚክስ ቋንቋ ሲገለጽ ሞተሩን በደንብ ወደሚተነፍስበት የዙር ፍጥነት መመለስ ነው። አንድ ሞተር በየትኛው ፍጥነት በደንብ እንደሚተነፍስ ከሚወስኑት ነገሮች መካከል ደግሞ አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያደርሱት ቧንቧዎች ርዝመትና ስፋት ይገኙበታል።

ይህን ጉዳይ እንዳነሣ ምክንያት የሆነኝ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ልጁ ከተመረቀ በኋላ ከወንድሙ ጋር ሚዛን ውስጥ አነስተኛ ጋራዥ ከፍቷል። አንድ ደንበኛ 1.6 ሊትር ቤንዚን ሞተር ያላትን አሮጌ መኪናውን ያመጣና ጉልበቷን እንዲጨምርለት ይጠይቀዋል። ተማሪዬም በውድድር መኪኖች ሥዕል ላይ ያየውን ዓይነት አጭርና ሰፊ የአየር ቧንቧ በይዶ ሠርቶ በነባሩ ማኒፎልድ ምትክ ይገጥምላታል። አጭሩ ቧንቧ ቦታ ስላልበቃው ከመብራቱ ጎን ቀዝቃዛ አየር ያመጣ የነበረውን የላስቲክ ቱቦ ያነሣዋል። ቆማ ነዳጅ ሲሰጣት ድምፅዋ አማረ። በሦስተኛው ቀን ግን ባለቤቱ ተመልሶ መጣ። ሰው ጭኖ ወደ ሺሺንዳ ሲወጣ ቀድሞ በሦስተኛ ማርሽ የሚወጣውን ዳገት አሁን በሁለተኛም አልወጣ አለው። ባለቤቱ ከፍታውን አማረረ፤ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ነው አለ። ተማሪዬ ደወለልኝና "ዶክተር፣ ከፍታው ነው ወይስ ቧንቧው?" ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው እንደሚመስለው ቀላል አይደለም፤ የሁለቱ መልስ ፈጽሞ የተለያየ የፊዚክስ ምዕራፍ ውስጥ ይገኛልና።

ቶርክና ኃይል

አስቀድመን ሁለት ቃላት እንለይ። ቶርክ የምንለው ክራንክ ሻፍቱን የሚጠመዝዘውን ብርታት ነው። የጎማ ብሎን ስንፈታ በመፍቻው እጀታ ላይ ክብደታችንን ስናሳርፍ የምንፈጥረው ነገር ቶርክ ነው፤ ብሎኑ ባይነቃነቅም እንኳ ቶርኩ አለ። መለኪያው ኒውተን ሜትር ነው። ኃይል ግን ያ ጥምዘዛ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚከናወን ጭምር ይቆጥራል። ቶርክ በዙር ፍጥነት ሲባዛ ኃይልን ይሰጠናል፤ መለኪያውም ዋት፣ በሾፌሮች አነጋገር ደግሞ የፈረስ ጉልበት ነው።

ለአብነት በደቡብ ምዕራብ የጭቃ መንገዶች ላይ የማትታጣውን የቶዮታ ላንድክሩዘር ፒካፕ እንውሰድ። ብዙዎቹ የሚጎተቱት ዋን ኤች ዜድ በሚባለው ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4164 ሲሲ፣ ቱርቦ በሌለው የዲዝል ሞተር ነው። የዚህ ሞተር ከፍተኛ ቶርክ በደቂቃ 2200 ዙር ላይ 285 ኒውተን ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከፍተኛው ኃይል ደግሞ በደቂቃ 3800 ዙር ላይ 96 ኪሎ ዋት ያህል ነው። አንባቢ ማባዛቱን ራሱ ቢሞክረው አንድ አስገራሚ ነገር ያገኛል። በ2200 ዙር የሚገኘው ኃይል 66 ኪሎ ዋት ብቻ ነው፤ በ3800 ዙር ደግሞ ቶርኩ ወደ 241 ኒውተን ሜትር ወርዷል። ስለዚህ ከ2200 በላይ እያንዳንዱ ጥምዘዛ እየደከመ ሲሄድ፣ የጥምዘዛዎቹ ቁጥር እየበዛ በመሄዱ ኃይሉ ያድጋል። "ይህ ሞተር ስንት ፈረስ ነው?" ብሎ ብቻ የሚጠይቅ ሰው ግማሹን ጥያቄ ጠየቀ ማለት ነው፤ በስንት ዙር የሚለው ቀሪው ግማሽ ነው። በዳገት ላይ ደግሞ ይህ ቀሪ ግማሽ ይበልጣል።

ቶርክ ከየት ይመጣል? ነዳጅ ሲነድ ፒስተኑን ከሚገፋው ግፊት። ነዳጅ የሚነደው ግን በአየር መጠን ነው። ቤንዚን በሚገባ እንዲቃጠል ለ1 ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም ያህል አየር ያስፈልጋል። ነዳጅን ጨምሮ መስጠት ቀላል ነው፤ አየርን ጨምሮ መስጠት ግን ቀላል አይደለም። በተማሪዬ ደንበኛ መኪና ውስጥ እያንዳንዱ ሲሊንደር 400 ሲሲ ይይዛል። በሚዛን ከፍታ፣ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቀን ይህን ቦታ የሚሞላው አየር 0.4 ግራም ብቻ ነው፤ ከእርሱ ጋር የሚነደው ቤንዚንም 0.027 ግራም ገደማ ነው። አራት ሲሊንደር እያንዳንዱ በሴኮንድ 25 ጊዜ ይህችን ቅንጣት አየር እየሳበ አምስት ሰው ዳገት ያወጣል። ስለዚህ የቶርክ ታሪክ በአብዛኛው የአሞላል ታሪክ ነው፤ በየትኛው ዙር ሲሊንደሩ ይበልጥ ይሞላል?

ቧንቧው እንደ ዋሽንት

ሞተር አየር የሚስበው እንደ ወንዝ ሳያቋርጥ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በአራት ምት ሞተር ውስጥ የአንድ ሲሊንደር ማስገቢያ ቫልቭ ከሁለት ሙሉ ዙር ውስጥ ከአንድ ሦስተኛ ብዙም ለማይበልጥ ጊዜ ብቻ ይከፈታል፤ ከዚያ ይዘጋል። በቧንቧው ውስጥ ያለው አየር ይሮጣል፣ በድንገት ይቆማል፣ እንደገና ይሮጣል። እንዲህ የሚመታ አየር ሞገድ ይፈጥራል፤ ሞገዱም የድምፅ ሞገድ ነው።

የዋሽንት ወይም የእምቢልታ ነፊ ይህን ከፊዚክስ መምህር ቀድሞ ያውቀዋል። እምቢልታ እንደ ዋሽንት የጣት ቀዳዳ የለውም፤ ስለሆነም አንዱ እምቢልታ ሊያወጣ የሚችለው ድምፅ ጥቂት ብቻ ነው፤ ለዚህም ነው ነፊዎቹ የተለያየ ርዝመት ያላቸውን ይዘው እየተቀባበሉ የሚነፉት። ረጅሙ ወፍራም፣ አጭሩ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ምክንያቱ ሞገዱ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ደርሶ ለመመለስ በረጅሙ ውስጥ ብዙ፣ በአጭሩ ውስጥ ጥቂት ጊዜ ስለሚወስድበት ነው።

አሁን ወደ ሞተሩ እንመለስ። የማስገቢያ ቫልቩ ተከፍቶ ፒስተኑ ወደ ታች ሲፈጥን በቫልቩ አጠገብ ያለው አየር ይሳሳል። ይህ መሳሳት በቧንቧው ውስጥ ወደ ላይ በድምፅ ፍጥነት ይጓዛል። የቧንቧው ሌላኛው ጫፍ ሲሊንደሮቹ ሁሉ ወደሚጋሩት የአየር ቋት የተከፈተ ነው። ከተከፈተ ጫፍ የሚመለስ ሞገድ ደግሞ መልኩን ይገለብጣል፤ ሳስቶ የሄደው ታምቆ ይመለሳል። ይህ የታመቀ ሞገድ ወደ ቫልቩ የሚደርሰው ፒስተኑ ወደ ታችኛው ጫፍ ተቃርቦ መሳቡ በደከመበት፣ ቫልቩ ግን ገና ባልተዘጋበት ሰዓት ከሆነ፣ ተጨማሪ አየር ገፍቶ ያስገባና ወዲያው ቫልቩ ይዘጋበታል። ሲሊንደሩ ያለ አንዳች ፓምፕ ከተለመደው በላይ ይሞላል። ሞገዱ ቀድሞ ከደረሰ ወይም ዘግይቶ ከቫልቩ መዘጋት በኋላ ከመጣ ግን ጥቅሙ ያልፋል፤ እንዲያውም በዚያ ሰዓት የሚደርሰው የሳሳ ሞገድ ከሆነ የገባውን አየር መልሶ ይስበዋል።

እንግዲህ ነገሩ የቀጠሮ ጉዳይ ነው። የሞገዱ ጉዞ ጊዜ በቧንቧው ርዝመትና በድምፅ ፍጥነት ይወሰናል፤ የቫልቩ ጊዜ ደግሞ በሞተሩ ዙር ይወሰናል። መሐንዲሶች በተሞክሮ እንዳረጋገጡት ሞገዱ ደርሶ እስኪመለስ ክራንክ ሻፍቱ 75 ዲግሪ ገደማ ቢዞር ቀጠሮው ይሰምራል። ስሌቱ የአሥረኛ ክፍል ተማሪን አይቸግርም። በደቂቃ 3000 ዙር ማለት በሴኮንድ 50 ዙር፣ ማለትም 18000 ዲግሪ ነው። 75 ዲግሪ ለመዞር 4.17 ሚሊ ሴኮንድ ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ በሴኮንድ 345 ሜትር የሚጓዝ ድምፅ 1.44 ሜትር ይሄዳል፤ ይህም ደርሶ መልስ ስለሆነ ቧንቧው 72 ሴንቲ ሜትር ሊሆን ይገባል። ለ6000 ዙር 36 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ርዝመቱ የሚለካው ከውጭ ከሚታየው ቧንቧ ብቻ ሳይሆን በቴስታታው ውስጥ እስከ ቫልቩ ያለውን መተላለፊያ ጨምሮ ነው፤ ተማሪዎች ይህን ብዙ ጊዜ ይረሱታል።

ይህ ወረቀት ላይ ብቻ የሚያምር ስሌት አለመሆኑን የሚያሳይ የታወቀ ታሪክ አለ። የአሜሪካው ክራይስለር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጣው 300ኤፍ በተባለ መኪና ላይ 6.8 ሊትር ለሚሆን ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር 76 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው የአየር ቧንቧዎች ገጠመ። ቧንቧዎቹ ከመርዘማቸው የተነሣ በሞተሩ ላይ ተሻግረው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዱ ነበር። ከፍተኛው ቶርክ የተገኘው በ2800 ዙር ሲሆን መጠኑ 671 ኒውተን ሜትር ነበር፤ ኃይሉም በ5000 ዙር 375 የፈረስ ጉልበት። ለውድድር በተዘጋጀው ዓይነት ላይ ግን በአንድ ወገን ያሉትን ቧንቧዎች የሚለያየውን የውስጥ ግድግዳ እስከ ግማሽ ቆርጠው አነሡት። ከውጭ ሲታይ ቧንቧው ያው ነው፤ ለሞገዱ ግን ርዝመቱ በግማሽ አጠረ፤ ሞገዱ የሚመለሰው ቧንቧው ከሚሰፋበት ቦታ ነውና። ሌሎች ጥቂት ለውጦችም ታክለውበት ኃይሉ በ5200 ዙር ወደ 400 የፈረስ ጉልበት ከፍ አለ፤ ከፍተኛው ቶርክ ግን ወደ 630 ኒውተን ሜትር ወረደ፣ የሚገኝበትም ዙር ወደ 3600 ሸሸ። 25 ፈረስ ተገኘ፤ ዋጋው ግን ከታች ተከፈለ።

አንባቢ በእጁ ያለውን የ76 ሴንቲ ሜትርና የ2800 ዙር ቁጥር ከላይ ባለው ስሌት ቢፈትሽ 77 ሴንቲ ሜትር ያገኛል። እንዲህ ያለ መግጠም ሁልጊዜ አይገኝም፤ ሲገኝ ግን ደስ ያሰኛል።

ጠርሙሱና ጠባቡ አንገት

ርዝመት ብቻውን ግን አይበቃም። በባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ ሲነፋ የሚወጣውን ወፍራም ድምፅ ሁሉም ያውቀዋል። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ኸርማን ሄልምሆልትዝ በ19ኛው መቶ ዘመን እንደተነተነው፣ በአንገቱ ውስጥ ያለው አየር እንደ ክብደት፣ በሆዱ ውስጥ ያለው አየር ደግሞ እንደ ስፕሪንግ ሆነው ይወዛወዛሉ። ሞተርም ቫልቩ ሲከፈት ይኸው ጠርሙስ ነው። ቧንቧው አንገት፣ ሲሊንደሩ ሆድ ነው። አንገቱ ሲረዝምና ሲጠብ ውዝዋዜው ይዘገያል፤ ሲያጥርና ሲሰፋ ይፈጥናል። ሲሊንደሩ ከሁሉ ይበልጥ የሚሞላው የጠርሙሱ ድግግሞሽ ከሞተሩ የዙር ድግግሞሽ ሁለት እጥፍ ጥቂት ሲበልጥ ነው፤ የተለመደው ቁጥር 2.1 ነው።

ተማሪዬን ሜትር ይዞ ሁለቱንም ቧንቧዎች እንዲለካ ጠየቅሁት። ነባሩ ከቫልቩ እስከ ቋቱ 40 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 3.5 ሴንቲ ሜትር የውስጥ ስፋት ነበረው። እርሱ የሠራው 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ነበረው። የነባሩ የጠርሙስ ድግግሞሽ በሴኮንድ 170 ያህል ይወጣል፤ ይህም በደቂቃ ወደ 4900 ዙር ያመላክታል። የሞገዱ ስሌት ደግሞ 5400 ገደማ ይሰጣል። ሁለቱ ስሌቶች ሙሉ በሙሉ አለመስማማታቸው ሊያሳስበን አይገባም፤ ሁለቱም የአንድን ውስብስብ ነገር አንዳንድ ገጽታ ብቻ የሚይዙ ግምቶች ናቸው፤ ፍርዱን የሚሰጠው የሞተር መፈተሻ ዳይናሞሜትር ነው። የአዲሱ ቧንቧ ውጤት ግን የማያሻማ ነው። የጠርሙሱ ስሌት 9800 ዙር፣ የሞገዱ ስሌት 10800 ዙር ያህል ይሰጣል። ያች አሮጌ ሞተር 6500 ዙር ብትደርስ እንኳ ዕድሜዋን እየበላች ነው። ተማሪዬ ቧንቧውን የቃኘው ሞተሩ ፈጽሞ ለማይደርስበት ዜማ ነበር።

የስፋቱም ነገር ችላ አይባልም። በ3000 ዙር 400 ሲሲ አየር በ10 ሚሊ ሴኮንድ ውስጥ ያልፋል ብንል፣ በነባሩ ቧንቧ ውስጥ አማካይ ፍጥነቱ በሴኮንድ 42 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በሰፊው ቧንቧ ውስጥ ግን ይህ ፍጥነት ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ እያንዳንዱ ግራም አየር የተሸከመው የእንቅስቃሴ ጉልበትም ወደ ሩብ ይቀንሳል። ሩጫ የያዘ አየር ፒስተኑ መሳቡን ካቆመ በኋላም በራሱ ግፊያ መግባቱን ይቀጥላል፤ ቀስ ብሎ የሚሄድ አየር ግን ፒስተኑ መመለስ ሲጀምር ወደ መጣበት ይመለሳል። በካርቡራተር ለሚሠራ ሞተር ደግሞ ሌላ ጉዳት አለ፤ አየሩ ሲዘገይ የቤንዚኑ ጠብታዎች በቧንቧው ግድግዳ ላይ ይቀራሉ፤ ድብልቁም ያልተስተካከለ ይሆናል። በተቃራኒው በ6000 ዙር ጠባቡ ቧንቧ ራሱ ማነቆ ይሆናል። ለዚህ ነው የውድድር መኪና ቧንቧዎች አጭርና ሰፊ የሚሆኑት፤ የውድድር ሾፌር ከ6000 ዙር በታች አይወርድም፤ የሺሺንዳ ሾፌር ደግሞ ከ3500 በላይ የሚወጣው አልፎ አልፎ ነው።

ከፍታው ምን አደረገ?

አሁን የባለቤቱን ክስ እንመርምር። ከፍታ ላይ አየር መሳሳቱ እውነት ነው። ቴፒ ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር፣ ሚዛን ተፈሪ 1450 ሜትር፣ አዲስ አበባ ደግሞ 2350 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። 15 ዲግሪ በሆነ የባሕር ጠለል አየር ውስጥ ያለውን እፍግታ 100 ብንለው፣ በቴፒ በ28 ዲግሪ ቀን 83፣ በሚዛን በ25 ዲግሪ ቀን 81፣ በአዲስ አበባ በ18 ዲግሪ ቀን 74 ወይም 75 ይሆናል። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከፍተኛ ቶርክም በግምት አብሮ ይወርዳል። ከቴፒ አዲስ አበባ የሄደ መኪና ከአቅሙ አሥር በመቶ ያህል ይተዋል ማለት ነው። በቴፒ ደግሞ ሌላ ሌባ አለ፤ እርሱም እርጥበት ነው። በ28 ዲግሪ አየሩ ውስጥ ያለው የውኃ ተን ሊይዝ ከሚችለው 80 በመቶ ከደረሰ፣ ተኑ ብቻውን ከአየሩ ግፊት ከሦስት በመቶ በላይ ይይዛል፤ ያን ያህል ኦክስጅን ቦታውን ለቀቀ ማለት ነው። ዝናብ ባረፈበት ከሰዓት በኋላ ሞተር "ከበደኝ" ሲል የሚሰሙ ሾፌሮች ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም።

ነገር ግን ከፍታ የማይነካው አንድ ነገር አለ፤ የድምፅ ፍጥነት። ብዙ ተማሪዎች አየር ሲሳሳ ድምፅም የሚዘገይ ይመስላቸዋል። በአየር ውስጥ የድምፅ ፍጥነት የሚወሰነው በግፊት ሳይሆን በሙቀት መጠን ነው፤ ግፊቱ ሲቀንስ እፍግታውም በዚያው ልክ ስለሚቀንስ ሁለቱ ይጣፋሉ። በቴፒ በ28 ዲግሪ ድምፅ በሴኮንድ 348 ሜትር፣ በአዲስ አበባ በ18 ዲግሪ 342 ሜትር ይጓዛል። ልዩነቱ ሁለት በመቶ እንኳ አይሞላም፤ እርሱም ከሙቀቱ እንጂ ከከፍታው የመጣ አይደለም። በቴፒ ለ3000 ዙር የተቃኘ ቧንቧ በአዲስ አበባ ለ2950 ዙር የተቃኘ ነው፤ ማንም ሾፌር አይለየውም።

ከፍታው ሞተሩ የሚያገኘውን አየር ብዛት በሁሉም ዙር ይቀንሳል፤ ቧንቧው ግን ያ አየር በየትኛው ዙር በደንብ እንደሚገባ ይመርጣል። ከፍታ የቶርኩን ጥምዝ መስመር እንዳለ ዝቅ ያደርገዋል፤ ቧንቧ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይገፋዋል። መኪናዋ ከቧንቧው ለውጥ በፊት በዚያው ከፍታ ዳገቱን ትወጣ ነበር። ስለዚህ ከፍታው ከክሱ ነፃ ነው።

ሆኖም ቧንቧው ብቻውን ጥፋተኛ አልነበረም። ቀዝቃዛ አየር ያመጣ የነበረው ቱቦ መነሣቱን አንባቢ አይረሳም። ሞተሩ ከዚያ በኋላ የሚስበው ኮፈኑ ውስጥ የታፈነውን አየር ነበር። በዳገት ላይ መኪናው ቀስ ብሎ ሲሄድ ያ አየር 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ከ28 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ የሞቀ አየር እፍግታው አሥር በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ይህ ደግሞ ከላይ እንዳየነው ከቴፒ አዲስ አበባ ድረስ በመውጣት የሚጠፋውን ያህል ነው። አንድ የላስቲክ ቱቦ በማንሣት ብቻ መኪናዋ ከሚዛን ሳትነሣ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ተሰቀለች። ይህን ሳሰላ እኔም ተገርሜአለሁ፤ ቱቦው ለውበት የተቀመጠ የሚመስላቸው መካኒኮች ብዙ ናቸውና።

ተማሪዬ ነባሩን ማኒፎልድና ቱቦውን መለሰ፤ የተሰነጠቀውን የአየር ማጣሪያ ሳጥን ክዳን ለወጠ፤ ማጣሪያውንም አጸዳ። መኪናዋ ዳገቱን እንደ ቀድሞው በሦስተኛ ወጣች። ለብየዳው የወጣው ብረት ግን ኪሳራ ሆኖ ቀረ፤ አሁን የጋራዡ በር መደገፊያ መሆኑን ነግሮኛል።

ስለ ዲዝልና ስለሌሎቹ

ከላይ ያለው ስሌት ለአይሱዙውም ይሠራ እንደሆነ የሚጠይቅ አንባቢ ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቋል። የሞገዱ ፊዚክስ አንድ ነው፤ የሥራው ሁኔታ ግን ይለያል። የጭነት ዲዝል ሞተር የሚሠራበት የዙር ክልል ጠባብና ዝቅተኛ ነው። ለ2200 ዙር በስሌታችን መሠረት አንድ ሜትር የሚጠጋ ቧንቧ ያስፈልግ ነበር፤ ለስድስት ሲሊንደር ስድስት ሜትር ቧንቧ ኮፈን ውስጥ ማስገባት አይታሰብም። ስለዚህ አብዛኞቹ አጫጭር መተላለፊያዎችን በአንድ ሳጥን ላይ ይገጥማሉ፤ የቶርኩን ቅርጽ በቫልቮቹ ጊዜና በነዳጅ ፓምፑ ያስተካክላሉ። ቱርቦ ያለው ሞተር ደግሞ በሞገድ የሚገኘውን ጥቂት በመቶ አይለማመጥም፤ አየሩን በግድ ያስገባል፤ ከፍታንም በከፊል ይካሳል። ቱርቦ የሌለው ዲዝል ግን ከፍታ ላይ ፓምፑ ካልተስተካከለለት እንደ ቆላው መጠን ነዳጅ ይረጫል፤ አየሩ አይበቃም፤ ያልተቃጠለው ካርቦን ጥቁር ጭስ ሆኖ በማርሚታው ይወጣል። ያ ጭስ በሾፌሩ ገንዘብ የተገዛ ነዳጅ ነው።

አንድ ልማድ ግን ሳልነቅፍ ማለፍ አልፈልግም። አንዳንድ ሾፌሮች "እንዲተነፍስ" ብለው የአየር ማጣሪያውን አውጥተው ይነዳሉ። ንጹሕ ማጣሪያ የሚያሳጣው ግፊት እጅግ ትንሽ ነው፤ በበጋ የቡና መንገድ ላይ የሚነሣው አቧራ ግን የሲሊንደሩን ግድግዳና የፒስተኑን ቀለበቶች እንደ አሸዋ ወረቀት ይሞርዳል። ለጥቂት ቀን ጥቅም የሞተር ዕድሜ አይሸጥም።

ወደ ቤንዚን ሞተሮች ስንመለስ፣ አንዱን ዙር ለሌላው መሠዋት ግዴታ ነው ወይ? መሐንዲሶች ይህን ለመሸሽ ብዙ ደክመዋል። እ.ኤ.አ. በ1991 የለማን የ24 ሰዓት ውድድርን ያሸነፈው ማዝዳ 787ቢ የአየር ቧንቧዎቹ እንደ ሞተሩ ዙር የሚረዝሙና የሚያጥሩ ነበሩ። ቢኤምደብሊው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ርዝመቱ ያለ ደረጃ የሚለዋወጥ ማኒፎልድ ለመንገድ መኪና አበቃ። ብዙ ተራ መኪኖችም ረጅምና አጭር መንገድ ያለው ማኒፎልድ ይዘው፣ በመካከል ባለች ትንሽ ክዳን ከአንዱ ወደ ሌላው ይቀይራሉ። አሮጌ ሲሆኑ ይህች ክዳን በካርቦን ተጣብቃ ትቀራለች፤ መኪናው በታች ወይም በላይ ዙር የሰነፈበት ባለቤት አስቀድሞ እርስዋን ቢያስፈትሽ መልካም ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው፤ አየር አይስብምና በቴፒም በአዲስ አበባም የሞተሩ ቶርክ ያው ነው። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል፤ በደቡብ ምዕራብ መንገዶች ላይ ያሉት ሞተሮች ግን ገና ለብዙ ዓመታት መተንፈሳቸው አይቀርም።

ይህን ያነበበ ተማሪ ሞተር ሳይፈታ ነገሩን በእጁ ሊፈትሸው ይችላል። ከዕቃ መደብር ከሚገኝ የፕላስቲክ የውኃ ቧንቧ አንዱን 72፣ ሌላውን 36 ሴንቲ ሜትር አድርጎ ይቁረጥ። የእያንዳንዱን አንድ ጫፍ በመዳፉ መትቶ መዳፉን ሳያነሣ ይያዝ። መዳፉ የተዘጋው ቫልቭ ነው። ረጅሙ በሴኮንድ 120፣ አጭሩ 240 ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ ድምፅ ያወጣል፤ ልዩነታቸው በሙዚቃ አንድ ኦክታቭ ነው። የድምፅ ድግግሞሽ የሚለካ ነፃ ፕሮግራም በስልኩ ላይ ቢጭን ቁጥሩን ያየዋል፤ ሞገዱ ከቧንቧው አፍ ጥቂት ወጣ ብሎ ስለሚመለስ የሚያገኘው ቁጥር ከስሌቱ በመጠኑ ያንሳል። ቀጥሎ አጭሩን ቧንቧ በማለዳ 18 ዲግሪ ሲሆንና በቀትር 30 ዲግሪ ሲሆን ይምታው። አምስት ኸርዝ ያህል ከፍ ይላል። ያንኑ ቧንቧ ዘመድ ጥየቃ ጅማ ወይም አዲስ አበባ ሲሄድ ይዞት ይሂድና ሙቀቱ ተመሳሳይ በሆነበት ሰዓት እንደገና ይምታው።